የአምስተኛው ሰው ፊርማ

በሠልስቱ ዕለት፣ ረፋዱ ላይ፣ ዳንግላ በተተከለው ድንኳን ውስጥ የሟቹ የገበየሁ እናት ወይዘሮ ይታይሽ፣ እኅቱ እመቤት፣ የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ አስማረና ጎረቤቶች ነበሩ። ከቆሰበር በሚኒባስ የመጣው ይኸነውም በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጋሽ አስማረ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ስም ይጠራሉ።

«ወገኔ አድማሴ!»

«አለ ይበሉት» አለች ካሳነሽ ከሴቶቹ ወገን። «ወንድሜ ጫግኒ እህል ሊጭን ሄዶ ነው። ነገ ይደርሳል።»

«ነገ ሲደርስ ነገ አለ እለዋለሁ።»

«ኧረ ጋሽ አስማረ! አንድ ጭረት ምን ያደክምዎታል?»

«ጭረቷስ አታደክመኝም። የሌለውን አለ እያልሁ ስጽፍ ኖሬ የእኔን ሬሳ ማን ይሸከማል? መዝገቡ?»

አንዳንዶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ይኸነው አልሳቀም፤ አንገቱን ደፋ።

ባለፈው የትምህርት ዓመት እሱና ገበየሁ የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን አንድ ለአምስት ሲያደራጅ፣ ውጤቱ ከፍ ያለ ስለነበር ይኸነው የቡድን መሪ ተደረገ። ሟቹ ገበየሁ የቡድኑ አምስተኛ አባል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተሰብስበው ይኸነው ሒሳብ ሊያስጠናቸው፣ እነሱም መገኘታቸውን ቅጽ ላይ ሊፈርሙ ነበር የታሰበው። ሁለት ቅዳሜ ተገናኙ። ከዚያ የይኸነው የራሱ ፈተና ደረሰ። «በየራሳችን እናንብብ፤ ቅጹን እኔ አዞራለሁ» አላቸው። ፈተናው ካለፈ በኋላም ቅጹ በየዶርሙ መዞሩን ቀጠለ። አራቱ ቶሎ ፈርመው ይሰጡታል። ገበየሁ ብቻ እስክርቢቶውን ይዞ ይጠይቅ ነበር።

«በዚህ ሳምንት እንገናኛለን እንዴ?»

«በሚቀጥለው።»

«እሺ። ጥያቄዎቼን አጠራቅማለሁ።»

ይፈርማል። ፊርማው የተጠነቀቀና ሙሉ ስሙ የሚነበብበት ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ገበየሁ ሒሳብ ወደቀና ከትምህርቱ ተሰናበተ፤ በአዲሱ ዓመት ተመልሶ መመዝገብ እንደሚችል ተነገረው። እስከዚያ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብሎ ጫግኒ በኩል እርሻ ላይ ሊሠራ ወረደ። እዚያ ወባ ያዘው። ወደ ዳንግላ ሲያመጡት ሰው መለየት ትቶ ነበር። ሲሞት ለመመዝገቢያው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ይኸነው የታለ?» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። ድምፃቸው በለቅሶ ዘግቷል። «ወዲህ ና ልጄ፣ ከጎኔ።»

«እዚህ ይበቃኛል፣ እናቴ።»

«ና አልሁህ!»

ሄዶ ከሰሌኑ ጫፍ ተቀመጠ።

«እዩት» አሉ ለሴቶቹ፤ «ልጄን ሲያስጠናው የከረመው ይኼ ነው። ቅዳሜ በደወልሁ ቁጥር ‹ይኸነውን እየጠበቅሁት ነው፣ ሊያስጠናኝ ነው፣ ቆይተሽ ደውዪ› ይለኝ ነበር።»

«መምህር እንዲህ ያፍራል?» አለች ካሳነሽ። «ተማሪዎቹማ ጣራ ላይ ይወጡበታል!»

«አፋር ነው ብሎኛል። ግን አይሰለችም ብሎኛል።»

ለካ ገበየሁ በእነዚያ ቅዳሜዎች ሁሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። አሁን ይኸነው ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም፤ ሌሎቹ አራቱ ለቅሶውን አልደረሱም። ጋሽ አስማረ መዝገቡን ሲያጥፉ አየ።

«አላስጠናሁትም» አለ።

«ምን አልህ?»

«አላስጠናሁትም፣ እናቴ። ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሌላውን ሳንገናኝ ነው የፈረምነው። እሱ ይጠይቀኝ ነበር። በሚቀጥለው፣ በሚቀጥለው እለው ነበር።»

ወይዘሮ ይታይሽ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እሱ እንደዚያ አላለኝም» አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ተነሥ አላሉትም። ቆይም አላሉትም።

እመቤት ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ጠርዙ በዝናብ ያበጠ ደብተር ይዛ ነበር።

«ከጫግኒ ከልብሱ ጋር የመጣ ነው» አለችና ሰጠችው።

ገለጠው። በየገጹ አንድ የሒሳብ ጥያቄ በጥንቃቄ ተገልብጧል። ከሥሩ ያለው ባዶ ነው። በየገጹ አናት ቀኑና «ለቅዳሜ፣ ይኸነውን ልጠይቅ» የሚል አለ። የኅዳር፣ የጥር፣ የሚያዝያ ቀን። ወደ መጨረሻው ሲገልጥ ሐምሌ ሆነ፤ ከዚያም ነሐሴ።

እመቤት በትከሻው በኩል ታይ ነበር። «ይከብዳል?» አለችው የመጀመሪያውን እያሳየችው።

«አይከብድም» አለ። «የሩብ ሰዓት ነገር ነው።»

ይኸነው ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ዞረ።

«ጋሽ አስማረ፣ እስክርቢቶዎን ያውሱኝ።»

ጋሽ አስማረ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሊጽፍ ሲሞክር ተንሸራተተበትና መስመሩ ተጣመመ። ወይዘሮ ይታይሽ ፊታቸውን ከበሩ ሳይመልሱ፣ የተደገፉትን ትራስ አውጥተው ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። ደብተሩን አስደግፎ ጻፈ።

ከቀትር በኋላ ድንኳኑ ሲነቀል አራተኛው ጥያቄ ላይ ደርሶ ነበር። ደብተሩን ለእመቤት፣ እስክርቢቶውን ለጋሽ አስማረ መልሶ በሚኒባስ ወደ ቆሰበር ሄደ።