በራሷ እጅ የጻፈችው መስመር

ኤደልሚራ በስልሳ ስምንት ዓመቷ አዲስ ደብተርና እርሳስ ይዛ የደሴት ከተማዋን የአንኩድን ዳገት ወጣች። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሲያነብላት «የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በነጻ» ብሏት ነበር። «ፈጠራ» የምትለዋን ከቁም ነገር አልቆጠረቻትም። «ጽሑፍ» የሚለው በቃት።

ዝናቡ የደሴቱ ዝናብ ነው፤ ሰውም እንደ ልማዱ አላማረረውም። ክፍሉ ውስጥ የእንጨት ምድጃ ይነዳል። አሥራ ሁለት ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ኤደልሚራን ሰሌዳው ላይ አንድም ፊደል አለመኖሩ ገረማት።

መምህርቷ ማሪትሳ ቀጭን ወጣት ናት፤ ከሁሉም ይልቅ የፈራችው እሷ ትመስላለች።

«ዛሬ ማንም ብቻውን አይጽፍም» አለች። «መጀመሪያ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተጠያየቁ። ከዚያ ስለ ራሳችሁ ሳይሆን ስለ እሱ ትነግሩናላችሁ። ትንሽ መዋሸት ይፈቀዳል።»

ከኤደልሚራ ጎን የተቀመጠው ኖልቤርቶ የሚባል ወፍራም የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። «እኚህ ወይዘሮ ዶኛ ኤደልሚራ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ዓሣ ነባሪ ላይ ተፈናጠው ደሴቱን ዞረዋል።»

«ውሸታም!» አለች ኤደልሚራ። «ሁለት ጊዜ ነው የዞርኩት።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማሪትሳም ትከሻዋ ላላ አለ።

ቀጥሎ ሦስት ሦስት ሆኑ። ከኤደልሚራና ከኖልቤርቶ ጋር ያስና የምትባል ፀጉር ሠሪ ተቀላቀለች። ለሦስቱ የተሰጣቸው አንድ ወረቀት ነው። ለአንድ ሰው ልትነግሩት ፈልጋችሁ ሳትነግሩት የቀራችሁትን ነገር በአንድ መስመር ጻፉና ለሚቀጥለው አሳልፉ ተባሉ።

ያስና «እማዬ፣ የጆሮ ጌጥሽን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ድመቷን በከንቱ ነው የገረፍሻት» ብላ ጻፈች። ኖልቤርቶ ብዙ አስቦ «ወንድሜ፣ ያቺን ጎል ስታገባ ያጨበጨብኩልህ በቅናት እያረርኩ ነበር» አለ። አንብበውላት ሳቀች። ከዚያ ወረቀቱ እሷ ፊት መጣ።

እርሳሱን አነሣች። አስቀመጠች።

«ዶኛ፣ ቃል ጠፋብዎት እንዴ?» አለ ኖልቤርቶ።

«ቃሉስ ሞልቷል፤ የሌለኝ ፊደል ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እዚህ ፊደል የሚያስቆጥሩ መስሎኝ ነው የመጣሁት።» ደብተሯን ከድና ልትነሣ ስትል ያስና እጅጌዋን ያዘቻት።

«ኧረ ይቀመጡ እናቴ! እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«አይሆንም! ዕድሜ ልኬን ሌላ ሰው ነው የጻፈልኝ።»

ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። ነገሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረችው። ታላቅ እህቷ ክሎሪንዳ የአርኖልዶ እጮኛ ነበረች። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማንንም ሳትሰናበት በመርከብ ወደ ሩቋ ከተማ ወደ ፑንታ አሬናስ ሄደች። አገሩ ሁሉ ከዳተኛ አላት። በዓመቱ አርኖልዶ ኤደልሚራን አገባ። ፊደል የቆጠረው እሱ ስለሆነ አርባ አንድ ዓመት ለእህቷ የሚላከውን ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው፤ ስለ ድንቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ጤና።

«ያኔ አርኖልዶን እንደምወደው ለማንም አልተናገርኩም» አለች። «ግን ከክሎሪንዳ ጋር የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነበር፤ ሳለቅስ ሰምታኛለች። ታዲያ ይህን በሱ እጅ እንዴት አስጽፈዋለሁ? እሱ አምና ሞተ። የሷም ጆሮ ደነቆረ፤ በስልክ ብጮህ የሚሰማኝ ጎረቤት ነው።»

ኖልቤርቶ ጢሙን አሻሸ። «እንግዲያው እኛ አንጽፍልዎትም» አለ። «አጻጻፉን ብቻ እናሳይዎታለን። እጁ የርስዎ ይሆናል።»

ኤደልሚራ የነገረቻትን ያስና በሌላ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈች። ኤደልሚራ እያየች ትገለብጥ ጀመር። «እንደ መኪና መሪ አይጨብጡት፤ አይሸሽዎትም» ይላታል ኖልቤርቶ። ማሪትሳ መጥታ ከበላያቸው ቆመች፤ አየችና ሌሎቹን ወደ ሦስተኛው ጨዋታ ወሰደቻቸው። ሰዓቱ ደረሰ፤ ሰዎች ካፖርታቸውን ደረቡ። ቶሎ በይ ያላት የለም። መስመሩ ሽቅብ እየወጣ ግማሹን ገጽ ጨረሰ፦ «ለእኔ ብለሽ እንደሄድሽ አውቃለሁ።»

ወረቀቶቹ ግድግዳ ላይ ሊለጠፉ ነበር። ማሪትሳ ይህንን አጣጥፋ ለኤደልሚራ ሰጠቻት። «ይሄ ግድግዳውን አይመለከትም። ባለቤት አለው።»

«የኛስ?» አለ ኖልቤርቶ።

«አብሮ ይሂዳ!» አለች ያስና። «ምን ይጎዳናል?»

በዚያው ቀን ፖስታ ቤት አስገቡት። ከዚያ ወዲህ ኤደልሚራ ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ቀድማ እየመጣች ከማሪትሳ ጋር ፊደል ቆጠረች። ሌሎቹ ሲገቡም አትሄድም፤ ታሪክ በቃሏ ትነግራቸዋለች፣ እነሱ ይጽፋሉ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ከእህቷ የመጣ ፖስታ ከጉያዋ አወጣች። ያስናን ከጎኗ አስቀምጣ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ስትሰናከል እየተመለሰች አነበበችው።

«ሁለቱን ሰዎች አላውቃቸውም። የመጨረሻው ግን ያንቺ መሆኑን ፊደሉ ሲንጋደድ አወቅሁ። ሳምኩት። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ከሱ ጋር ደስ ብሎሽ ኖርሽ?»

ኤደልሚራ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ደብተሯን ገለጠችና ወደ ያስና ዞረች።

«‹አዎ› እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለች።