የበረንዳው ለቅሶ

ሸዋአለም ካርቶኑን ዘርግታ ሳትጨርስ የባሏ ታላቅ ወንድም መልከጼዴቅ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ በእጁ ጠራት። አልሄደችም። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ተጠርቶ አይሄድም፤ ይመጡለታል እንጂ።

ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። እሷ ዲላ አውቶቡስ ተራ ፊት ለፊት፣ ከሐያት ሱቅ በረንዳ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች፤ እሱ ማዶ ቆሟል። ወንድሙ እንድርያስ በረንዳ አዳሪ እንደነበረ የሰማው ገና ለቀብር ሲመጣ ነው። እንድርያስ ለበዓል አገር ቤት፣ ኢዲዶ ሲሄድ ታጥቦ፣ ልብሱን አስተኩሶ፣ ስኳር አንጠልጥሎ ነበርና ማን ይጠርጥር?

«ነይ፣ አገር ቤት እንቀመጥ» ብሏት ነበር ትናንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚያ ቤት አለ፤ ሰውም በወጉ ይመጣል። ወንድሜን መንገድ ላይ አታዋርጂብኝ።»

ከሞቱ አሟሟቱ ይላል ሰው። ሸዋአለምን ግን ሞቱም አሟሟቱም አይደለም ያንገበገባት፤ ሳንባ ምች ሀብታሙንም ይገድላል። ያንገበገባት የእድሩ ዳኛ ነው። የቤት ኪራይ ንሮባቸው ከነጓዛቸው በረንዳ ከወደቁም በኋላ እንድርያስ ከእድሩ ቀርቶ አያውቅም፤ የስንቱን መቃብር ቆፍሯል። ዳኛው ግን ድንኳን የሚተከለው ቤት ደጃፍ ነው፣ እናንተ ደግሞ ደጃፍ የላችሁም፣ አላት። እንግዲያው ያለ ድንኳን ይሆናላ፣ ብላው መጣች።

ሰውም አላሳፈራትም። ከእንድርያስ ጋር የሚሠሩት ቡና ጫኞች መጡ፣ ከእሷ ጋር መጋዘን ቡና የሚለቅሙት ሴቶችም መጡ። ሐያት የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ ንፍሮ አቀረበች። ሸዋአለም የተቀመጠችው በግድግዳው በኩል ነው። በመንገዱ በኩል የሚተኛው ሁልጊዜ እሱ ነበር፤ መኪና ቢመጣም ሰካራም ቢመጣም መጀመሪያ እኔን ያግኝ፣ ይል ነበር። ያን ቦታ ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቀደችም።

ከሰዓት በኋላ ዘርዓብሩክ መጣ። የከተማ ድሆችን ኑሮ የሚያጠና የአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ለጥናቱ ውጭ አዳሪዎቹን አንድ በአንድ ያስተዋወቀው እንድርያስ ነበር። የቢሮአችን ግቢ ሰፊ ነው፣ ድንኳኑን እዚያ እንትከልላችሁ፣ አላት ከልቡ። አመሰገነችውና እምቢ አለች። ይልቅ ጥናቱ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የቀረበ ቀን እንድርያስ ምን እንዳለ ለሰዉ ንገርልኝ አለችው።

«ጮክ ብለህ» አለችው። «ማዶ ድረስ ይሰማ።»

ዘርዓብሩክ ጉሮሮውን ጠራረገና ጀመረ። ያን ቀን አንድ ሹም፣ እነዚህ እኮ መንገደኞች ናቸው፣ ቡናው ሲያልቅ ወደመጡበት ይመለሳሉ፣ አለ። ይሄኔ እንድርያስ ከኋላ ወንበር ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ቤት የለውም ይበሉኝ፤ እውነት ነው። ሰፈር የለውም ግን አይበሉኝ። የዚህ ከተማ ቡና በጀርባዬ ነው ያለፈው። ሰፈሬ ሐያት በረንዳ ነው፤ ስታመም መጥተው ይጠይቁኝ፣ ስሞትም መጥተው ይልቀሱኝ» አለ።

ማዶ ያለው መልከጼዴቅ አንገቱን ደፋ።

ዘርዓብሩክ ነገሩን ሳያበቃ ደንብ አስከባሪው ደበበ ዱላውን ይዞ ደረሰ። በየንጋቱ እንድርያስንና ሸዋአለምን ከዚሁ በረንዳ የሚያስነሣው እሱ ነው። ዛሬስ አፍሯል፤ ነፍስ ይማር አለና፣ ታዝዤ ነው፣ የእግረኛ መንገድ ተዘጋ ተብሏልና ተነሡ፣ አለ።

ሸዋአለም ቀና ብላ አየችው። «ዓመት ሙሉ ተነሺ ስትለኝ ተነሥቻለሁ፤ አንድ ቀን ክፉ መልሼልህ አላውቅም። ዛሬ ሰው ሞቶብኛል። አልነሣም።»

ጫኞቹ የያዙትን ንፍሮ አስቀመጡ። ደበበ የሚያግዘው ፍለጋ ዞር ዞር ሲል መልከጼዴቅ አስፋልቱን ሲያቋርጥ አየውና ደስ አለው።

«አንተ ዘመድ ነህ አይደል? እስቲ ምከራት» አለው።

መልከጼዴቅ በረንዳው ጠርዝ ሲደርስ ሰው ቤት እንደሚገባ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሸዋአለምን በዓይኑ ጠየቃት፤ እሷም በእጇ በመንገዱ በኩል ያለውን ቦታ አሳየችው። ተቀመጠ። ጥቂት አለቀሰና ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ፣ ወደ ወንድሙ ሚስት ጠጋ ብሎ ለደበበ መቀመጫ አበጀለት።