የታች መቀነት

ከመስቀል ወዲህ ሀብትነሽ ከመደቡ ስትነሣ፣ ስትገላበጥ፣ የበሩን ደፍ ስትሻገር ጭንቅ ይዟታል። ሆዷ ገፍቷል፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ያመማት ግን ሆዷን አልነበረም። ሕመሙ ከዚያ በታች፣ ሁለቱ ጭኖች ከሚገናኙበት አጥንት ላይ ነው። አንዱን እግሯን ከሌላው ባራቀች ቁጥር አጥንቱ ከቦታው የሚላቀቅ ይመስላታል። ስለዚህ ጉልበቶቿን ገጥማ፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች፣ ስንዝር በስንዝር ትራመዳለች።

አማቷ ወይዘሮ አቻምየለሽ ምን እንደሆነች ሲጠይቋት “ወገቤን” አለቻቸው። ሌላ ምን ትበል? ዳሌ የሚባለው ቃል ጎረምሳ በገበያ መንገድ የሚያሽሟጥጥበት፣ አዝማሪ የሚያሞግስበት እንጂ ምራት ለአማቷ፣ ያውም በቄስ ቤት፣ የምታወጣው ቃል አልነበረም። አሮጊቷም የተነገራቸውን አምነው በየማለዳው ወገቧን በቅቤ ያሻሉ፤ መቀነቷንም ከሆዷ በላይ ሽቅብ ስበው ያጠብቁላታል። መቀነቱ ከላይ በጠበቀ ቁጥር የታችኛው ሕመም ይብስባታል። ሁለት ሳምንት አሽተው ለውጥ ቢያጡ ነገሩን ከስንፍና ቆጠሩት። “የእኛ እመቤት እንደ ሙሽራ እርምጃዋን ትቆጥራለች” ይላሉ ለጎረቤት፣ እሷ እንድትሰማ አድርገው። ለሀብትነሽ የሚያማትን ቦታ ከመናገር ሰነፍ መባል ይሻላት ነበር።

ባሏ ክንዱ በሰኔ ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቷል። በኅዳር አጋማሽ፣ ልጁ የሸፈተበት ሰው ቤት ሊቃጠል ነው የሚል ወሬ ከቡሬ መጣ። አማቷ ቄስ ገብረ ሕይወት ብዙም አልተከራከሩ፤ ሁለቱን ሴቶች ይዘው ቆላ ወደምትኖረው እኅታቸው ሊወርዱ ቆረጡ። ቆላ ለመግባት ግን ጣሊያን ከቡሬ ወደ ደምበጫ የጠረገውን መንገድ መሻገር ግድ ነው። መሻገርም ያለባቸው የጣሊያን ካሚዮኖች ከቡሬ ሳይነሡ፣ በጠዋት ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ስንቁን በበቅሎዋ ላይ ጫኑና ከመንደሩ ወጡ። ዳገቱን እንደጨረሱ ቄሱ ሀብትነሽን ደግፈው በቅሎዋ ላይ ሊያወጧት ሞከሩ። እግሯ ኮርቻውን ሲሻገር ጮኸች። በሕይወቷ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። ወይዘሮ አቻምየለሽ ምጥ ነው አሉ፤ አወረዷት፤ ከዛፍ ሥር አስቀምጠው ጠበቁ። ምጥ የለም። ፀሐይ ግን ወጣች፤ ጤዛው ረገፈ። ሀብትነሽ በእሷ ምክንያት ሦስት ነፍስ ሜዳ ላይ መዋሉን እያየች፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ቄሱ ተነሥተው ያልላላውን ጭነት ፈቱና እንደገና ማሰር ጀመሩ። ወደ ሴቶቹ ዞር ሳይሉ ለሚስታቸው እንዲህ አሉ፦ “አቻምየለሽ፣ ጭነት ከላይ ብቻ ከጠበቀ ከታች ይላቀቃል። እንስሳዋን የሚጎዳት ክብደቱ አይደለም፤ ማሰሪያው ቦታውን ሲስት ነው።”

ቄስ ገብረ ሕይወት ቅኔ የተቀኙ ሰው ናቸው። ሰሙ በቅሎዋ ነበረች። ወርቁን ሀብትነሽ ከአሮጊቷ ቀድማ አገኘችውና ፊቷ ነደደ። አይተዋታል። አካሄዷን፣ አነሣሷን፣ ሁሉን አይተዋል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ወይዘሮ አቻምየለሽን በዓይኗ ጠርታ ከቁጥቋጦው ጀርባ ወሰደቻቸው።

“እሜቴ፣ ወገቤን አይደለም። ዋሽቼ ነው።”

“የቱን ነው ታዲያ?”

ሀብትነሽ የአሮጊቷን እጅ ያዘችና አጥንቱ ላይ አኖረችው። ወይዘሮ አቻምየለሽ በጣቶቻቸው ዳሰሱት።

“ይኼን ከማን ነው የምትደብቂው?”

“ከእርስዎ።”

ያንን ሁሉ ቀን ለጎረቤት ያሉት ትዝ ብሏቸው እንደሆነ አንገታቸውን ደፉ። መቀነቱን ከላይ ፈትተው፣ ታች ዳሌዋ ላይ፣ በቀሚሷ ላይ ሊያስሩላት ሲሉ ሀብትነሽ እምቢ አለች፤ ሴት እዚያ ቦታ ታጥቃ በወንድ ፊት አትሄድም፣ ከውስጥ ይሁንልኝ አለች። በሹክሹክታ ተጨቃጨቁና እሷ ረታች። አሮጊቷ ከቀሚሷ ሥር አራት ዙር አዙረው አጠበቁት። ስትቆም የተበታተነው አጥንቷ የተሰበሰበ መሰላት። ሕመሙ አልጠፋም፤ እግሯ ግን ታዘዘላት።

ቄሱ ፊት ፊት፣ በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ ጉልበት ያነሳቸው ሰው ይመስል በዝግታ ሄዱ። ጉልበታቸው ግን ደኅና ነበር።

መንገዱ ዳር ሲደርሱ የካሚዮን ድምፅ ገና አይሰማም፤ ከአንድ ሾላ ጥላ ግን ሦስት ባንዶች ተነሡ። አለቃቸው ላቀው የጎረቤት ደብር ልጅ ነው። መጥቶ መስቀል ተሳለመ። ቀና ሲል ዓይኑ ሀብትነሽ ዳሌ ላይ ቆመ። ቀሚሷ እዚያ ላይ እንደ ዝናር አብጧል። በዚያ ሰሞን ጥይት በገላቸው ታጥቀው ለአርበኞች የሚያደርሱ ሴቶች ተይዘው ነበር።

“መምሬ፣ ምራትዎ ምን ታጥቃ ነው?”

ወይዘሮ አቻምየለሽ ፈጥነው ወገቧን አሟት ነው አሉ።

ላቀው ሳቀ። “ወገብ እዚያ ድረስ ወርዶ አያውቅም፣ እትዬ። እዚያ የሚወርደው ጥይት ነው። ግለጭው እስቲ፣ አንቺ።”

አንዱ ባንዳ ጠጋ አለ። ሀብትነሽ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከውስጥ ይሁንልኝ ያለችው እሷ ናት፤ ሁሉንም ያስያዘች እሷ ናት።

ቄስ ገብረ ሕይወት መቋሚያቸውን በባንዳውና በእሷ መካከል ተከሉ። በዚህ ጊዜ ሰም አልፈለጉም።

“ላቀው፣ ስማኝ። የልጄ ሚስት የዳሌዋ አጥንት ተላቅቆባት ነው። እግሯን ማራራቅ አትችልም። ዛሬ ማለዳ በቅሎ ላይ ባወጣት ጮኸች። መቀነቱን እዚያ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ፤ የምትገልጥ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ግለጥ።”

የተጠጋው ባንዳ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ላቀው እንዲህ ያለ ቃል ከቄስ አፍ ሰምቶ አያውቅም፤ የመስቀሉ ሽታ ገና ከከንፈሩ አልጠፋም።

“እግዜር ይማራት” አለና በእጁ እለፉ አላቸው።

የመንገዱ ስፋት አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ሀብትነሽ ሦስት ወንዶች ከኋላዋ አካሄዷን እያዩ ተሻገረችው።

ቁልቁለቱን ጀምረው ሾላው ከዓይን ሲጠፋ ቄሱ ሳይዞሩ፣ “ልጄ፣ በሰው ፊት አዋረድኩሽ። ይቅር በይኝ” አሉ። ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ልትል ፈለገች። ቃሉን በመስከረም ለእሜቴ ብናገረው ኖሮ ዛሬ እርስዎ በመንገድ ላይ ባልተናገሩት ልትል ፈለገች። ፊቷ ይነድዳል። ጥቂት ከወረዱ በኋላ፣ ጎኗ ያሉትን የወይዘሮ አቻምየለሽን ትከሻ ይዛ ቆመች።

“አባ” አለች። “ቁልቁለቱ ዳሌዬን ጎዳኝ። ቀስ ይበሉልኝ።”