በቀይ የተሰረዘው ልኬ

አራተኛ ቤቴ ነበር። የፊተኞቹ አሳዳጊዎቼ ሰበብ አላጡም፤ አንዷ ቤቱ ጠበበን አለች፣ አንዱ ባህሪዋ አስቸገረኝ አለ፣ ሦስተኛዎቹ ደግሞ የራሳቸውን ልጅ ወለዱና እኔ ተርፌ ተገኘሁ። ስለዚህ በአሥራ አምስት ዓመቴ ዋናው ሙያዬ ያለኝን ልብስ አንድ ማንገቻ ባለው ቦርሳ ጠቅጥቄ መውጣት ነበር። አሥር ደቂቃ ይበቃኛል።

አራተኛዋ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ በከንፈራቸው ስፒል ስለሚይዙ ወሬያቸው ከ«እም» አያልፍም። ደስ ሲላቸው «እም»፣ ሲናደዱም «እም»። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። እንዴት እንደምንግባባ ደንበኞቹ ግራ ይገባቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ግራ ይገባኝ ነበር።

ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ የቁም መስታወትና በጨርቅ የተለበጠ ወፍራም ደብተር አለው። የደንበኛ ሁሉ ልክ ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። ስም አይጻፍም። «ረጅሟ አስተማሪ»፣ «ዳቦ ጋጋሪው»፣ «እከሳለሁ ያለችው ሙሽራ» ይላል። ደንበኛው ሰፈር ሲቀይር ወይም ሲሞት እትዬ ቀይ እስክሪብቶ አንስተው ገጹን ይሰርዙታል። የመጣሁ ቀን እኔንም ለክተው «አዲሷ ልጅ» ብለው ጻፉኝ። ተራ ነገር ነው፤ እኔ ግን ሰበብ እየፈለግሁ ያችን ገጽ እየገለጥኩ አያት ነበር። የሆነ ቦታ መጻፌ ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እትዬ በሕግ ልጃቸው ሊያደርጉኝ አመለከቱ። በኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ ራሱ ዳኛ ፊት ቀርቦ «እስማማለሁ» ማለት አለበት። ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ክር ሊገዙ ወጥተው ስለነበር ለሳምንታት ሳላየው የቆየሁትን ደብተር ገለጥኩ። «አዲሷ ልጅ» ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰርዛለች።

ክው አልኩ። ሐሳባቸውን ቀይረዋል፣ ለመናገር አፍረው ነው ብዬ ደመደምኩ። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን እልኸኛ ነኝና ቦርሳዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ዘንድሮስ ውጪ እስክባል አልጠብቅም አልኩ። ጉዳዬን ለምትከታተለው ማኅበራዊ ሠራተኛ ደውዬም እንደማልስማማ ነገርኳት።

በማግስቱ ከሰዓት መጣች። ከሦስቱም ቤት ያወጣችኝ እሷ ናት። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነገሩን ለእትዬ ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። እትዬ ለሐሙስ የምለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ጫፉን እየዘመዘሙ ነበር። እጃቸው ቆመ። ምክንያቴ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ደብተሩን ፊታቸው ዘረጋሁት።

«ሰርዘውኛል» አልኩ። «ለምን በቀጥታ አልነገሩኝም?»

እትዬ ስፒሎቹን ከአፋቸው አንድ በአንድ እያወጡ በስፒል መሰኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ ሰኩ። ያን ሁሉ ስፒል ይይዙ እንደነበር አላውቅም ነበር።

«የሰረዝኩሽ ማመልከቻውን የፈረምኩ ዕለት ነው» አሉ። «ደብተሩ የደንበኛ ነው። እዚያ የምጽፈው የምረሳውን ነው። ባሌን አንድ ቀን ጽፌው አላውቅም።»

አላመንኳቸውም። ሰው ሲጨንቀው የማይለው የለም፤ በሦስት ቤት ብዙ ሰምቻለሁ። እንዲያ ከሆነ ልኬን በቃልዎ ይንገሩኝ አልኳቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ቀሚሱን እያገላበጡ ደረቴን፣ ወገቤን፣ የእጄን ርዝመት በቁጥር በቁጥሩ ጠሩት።

«ግራ ትከሻሽ ከቀኙ አንድ ጣት ዝቅ ይላል» አሉ ከዚያ። «ያንን ቦርሳ ስታነግቺ ስለኖርሽ ነው። ሰው እንዳያይብሽ በግራው በኩል ስስ ስፖንጅ አስገባለሁ። የሰፋሁልሽ ሁሉ አለበት።»

እጄን ወደ ለበስኩት ሸሚዝ ትከሻ ሰድጄ ውስጡን ዳሰስኩ። ነበረ። ከመጣሁ ጀምሮ እየለበስኩት አንድ ቀን ልብ አላልኩትም። ዕንባዬ መጣ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ የጠፋ ነገር እንደምትፈልግ ሁሉ የእጅ ቦርሳዋን ትበረብር ጀመር።

እልሄ ግን ገና አልወጣልኝም ነበር።

«ቁመቴስ?» አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግሁ። «ቁመቴን አልነገሩኝም።»

«እሱን አላውቀውም» አሉ እትዬ። «ያለፈው ወር ለዛሬ አይሆንም፤ እያደግሽ ነው። እሱን እንዳውቅልሽ አጠገቤ መኖር አለብሽ።»

ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሜትሩ ከአንገቴ ሥር ተነስቶ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሲወርድ ተሰማኝ።

«እም» አሉ፤ የዘመዘሙትንም መልሰው ይፈቱ ጀመር። ሁለት ጣት ጨምሬ ነበር።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሐሙስ ፍርድ ቤት ስንት ሰዓት ላይ እንደምንደርስ ጠየቀች። ሦስት ሰዓት ላይ እንደርሳለን አልኳት።