«ሞልቷል» የተባለው ጎጆ

ኦይቫ ወንዙ ውስጥ የገባው በራሱ ጥፋት ነው፤ ይህን ሄልቪም አትክድም። ድንጋዩ ያሟልጫል፣ በትሬን ያዝ ብላው ነበር። እሱ ግን ሰው ማስቸገር ሞቱ ነው፤ ግድ የለም ብሎ ብቻውን ሲሻገር እስከ ወገቡ ተነከረ። በሚያዝያ ልቡን ኦፕራሲዮን የሆነ የሰባ ዓመት ሰው! ሄልቪና ራውሃ ጎትተው ሲያወጡት እንኳ የመጀመሪያ ቃሉ ይቅርታ ነበር።

ሦስቱ ጓደኛሞች በየመስከረሙ፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ አንድ ቀን ሙሉ አብረው በእግር መጓዝ ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከጥዱ ጫካ ይነሳሉ፣ ረግረጉን በእንጨት ርብራቡ ላይ ያቋርጣሉ፣ ራሰ በራውን ተራራ ወጥተው በወዲያኛው በኩል ይወርዳሉ። የዛሬው ጠዋትም ደስ የሚል ነበር፤ ራውሃ ምራቷን እያማች ስታስቃቸው ነው ዳገቱን የጨረሱት። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ፊታቸውን ይገርፈው ጀመር፤ ቁልቁለቱን ወርደው ሳይጨርሱ ደግሞ የወንዙ ጣጣ መጣ። መኪናቸው ጋ ለመድረስ ገና የሦስት ሰዓት መንገድ ይቀራቸዋል። የኦይቫ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል፤ የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት እንኳ አቅቶታል። ሄልቪ ጎጆው ድረስ ብቻ በርታ እያለች ትጎትተዋለች፤ ልቡ መንገድ ላይ ቀጥ ቢልስ እያለችም በሆዷ ትብሰለሰላለች።

የዚያ ጎጆ በር አይቆለፍም። ለማንም መንገደኛ የተሠራ ነው፤ ምድጃና ደረቅ እንጨት አያጣም። ሕጉንም በዚያ አገር ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ቅድሚያው መጨረሻ ለደረሰው ነው፣ የቀደመውማ አርፏል። ስለዚህ ሄልቪ ጭሱን ከሩቅ ስታይ እፎይ አለች።

በሩን ገርበብ አድርጎ የቆመው ያርኮ ነበር፣ ቱሪስት የሚያስጎበኘው ያርኮ። ሄልቪ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስድስት ዓመት ያበላችው፣ በየቀኑ ድገሙኝ የሚል ልጅ ነበር። ከጀርባው ሰባት የውጭ አገር እንግዶች እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አግዳሚው ላይ በየመካከላቸው ቦርሳቸው እንደ ሰው ተጋድሟል።

«ሞልቷል፣ እትዬ ሄልቪ» አለ። «ጸጥ ያለ ቦታ አሳርፋችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

ሄልቪ ደሟ ፈላ። «የሞላው ቦርሳ ነው። ይኸው፣ ሰውዬው እስከ ወገቡ ርሷል፣ ልቡም በሽተኛ ነው።»

ይኼኔ ኦይቫ ከኋላዋ እጅጌዋን ጎተት አደረገና፣ «ተያቸው፣ እኔ ምንም አልበረደኝም» አለ። ከያርኮ ይልቅ ይሄ አንገበገባት። ምን ዓይነት ሕዝብ ነው፣ አስቸገረ ከሚባል፣ በረዶ ላይ ደርቆ መቅረት የሚሻለው?

«አንተ ዝም በል። ጥርስህ እየመሰከረብህ ነው።»

ያርኮን ገፋ አድርጋ ገባች። ማንም ይውጣ እንዳላለች፣ ቦርሳው መሬት ቢወርድ እንደሚበቃ በደንብ አስረዳችው። እሱ ግን እንግዶቹ ፊት የተዋረደ መሰለው፤ ፊቱ ቲማቲም ሆነ። ሕግ ከተባለማ ቀድመን የመጣነው እንወጣለን ብሎ ሰዎቹን በቋንቋቸው አስነሳቸው። አንዲት ቀጭን ሸራ ጫማ ያደረጉ አሮጊት አግዳሚውን መታ መታ እያደረጉ እዚህ ተቀመጡ ሊሉ ሞከሩ፤ ያርኮ ግን ቦርሳቸውን ራሱ አንጠልጥሎ ወጣ። ሄልቪ በር ላይ ቆማ፣ እልህህን ለብቻህ ተወጣው፣ እነሱን ለምን ትቀጣቸዋለህ እያለች ጮኸችበት። ዞርም አላለ።

ኦይቫን አድርቀው የራውሃን ትርፍ አበባማ የሱፍ ሱሪ አለበሱት። ሌላ ቀን ቢሆን ለዓመት የሚበቃ ሳቅ ይወጣው ነበር። ይዘውት የመጡት ሾርባ ሲሞቅ ከንፈሩ ቀለሙን መለሰ፣ ትንፋሹም ረጋ። ግን ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ሰዎቹን እኮ አሳደድናቸው አለ። ሄልቪ እኛ ነን እንዴ ያሳደድናቸው ብላ አምባረቀችበት፤ ጥፋትህ ያልሆነውን ሁሉ መሸከም መቼ ነው የምትተወው አለችው። እሱ መስኮቱን ያያል። ውጪ ተራራው አይታይም።

ሾርባው ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። ያርኮ አሮጊቷን አዝሎ መጣ፤ ስድስቱ ከኋላው ተከትለውታል፣ ሁሉም በስብሰዋል። ከጎጆው በታች ያለው የእንጨት ርብራብ አሮጊቷን አንሸራትቷቸው ነው፤ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል፣ እጃቸውም እንደ ዱላ ደርቋል። አሁን መጨረሻ የደረሱት እነሱ ናቸው፤ ያርኮም ያውቃል፣ ሄልቪም ታውቃለች። እሱ ግን ይህን የሚልበት አፍ አልነበረውም፤ ወለሉን እያየ ደፉ ላይ ቆመ።

ኦይቫ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በአበባማ ሱሪው ተነስቶ እርጥብ ቦቲውን ያጠልቅ ጀመር።

«ቁጭ በል!» አለች ሄልቪ። «ከዚህ ማንም አይወጣም። ቦርሳ ከሥር፣ ሰው ከላይ።»

ተጠጋጉ። አሮጊቷን ምድጃው ሥር አስቀመጡና የሄልቪን ሹራብ አለበሷቸው። ራውሃ እግራቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ በጨርቅ ጠቀለለችላቸው። ሄልቪ እንደ ትምህርት ቤቱ ጊዜ ሾርባውን በየኩባያው አደለች፤ ንዴቱ እጇ ላይ ስላለ ጭልፋው ከድስቱ ጋር ይጋጫል። አግዳሚው ጫፍ ላይ ለተቀመጠው ለያርኮ መጨረሻ ሰጠችውና በአንድ ጎኑ ተቀመጠች።

«ቁጠር እስቲ። ስንት ነን?»

በዓይኑ ዞረ። «አሥራ አንድ።»

«ሁሉም ተቀምጧል?»

«አዎ።»

«ካንተና ከግድግዳው መሀል ያለውስ?»

ያርኮ ዞር ብሎ አየ። አንድ ሰው ዘና ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር።

«ባዶ ነው» አለ።