ለነፊው ያልተነፋ ጥሩምባ

ጋሽ ጎሳዬ ከሐጂ ሸኩር የቡና መጋዘን በረንዳ አልነሳም ካሉ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። የስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ገብቷል፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ በረንዳ አይል ጣሪያ አይል፣ ከጎንም ከታችም ይመጣል። ሸዋረገጥ በየማለዳው አጥሚቷን በጆግ፣ ዳቦዋን በጨርቅ ይዛ ትመጣለች። ይጠጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ አይነሱም።

ሸዋረገጥ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አዲስ አበባ ሄደው የቀሩባት ሴት ናት። የሰፈሯን የቦሳ አዲስን የእድር ሴቶች አስተባብራ በየበረንዳው የወደቁ ሽማግሌዎችን መሰብሰብ ከጀመረች ዓመት ሆኗታል። ማስገቢያ ቢጠፋ የእድሩን ዳኛ አቶ ገብረሥላሴን ደጅ ጠንታ ዕቃ ቤቱን አስፈቀደች። የለቅሶውን ድንኳን ቆጥ ላይ ሰቅለው፣ ድስትና በርሜሉን ወደ ጥግ ገፍተው ሰሌን አነጠፉበት። ስድስት ሰው ገብቶበታል። ሰባተኛው ሰሌን የጋሽ ጎሳዬ ነበር።

ጋሽ ጎሳዬ ማን ናቸው ቢሉ፣ የዚያው እድር ጥሩምባ ነፊ የነበሩ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ በጭቃው እየዞሩ የሰፈሩን ሞት ሁሉ ያወጁ። ለሸዋረገጥ ባልም የነፉት እሳቸው ናቸው። ኋላ ሚስታቸው ሞቱ፤ የተከራዩትን ጎጆ ባለቤቱ ለቡና ማስጫ አፈረሰው፤ ሰቃ ወርደው ቡና ለቀማ ቢሞክሩ ጉልበት እምቢ አለ። ሲመለሱ ስማቸው ከእድሩ መዝገብ ተፍቋል። ለቀስተኛ የሚቀመጠው ደጃፍ ላይ ነውና፣ በደንቡ ቤት የሌለው ሰው አባል አይሆንም። ጥሩምባው ግን የገዛ ራሳቸው ስለነበር አልቀሟቸውም። በጆንያ ጠቅልለው ይንተራሱታል።

"ቤት አትስጪኝ ልጄ" አሉ አንድ ማለዳ። "በቁሜ ዝናቡን እችለዋለሁ። ከዚያ ዕቃ ቤት ለሞተ ሰው ጥሩምባ ይነፋለታል ወይ? እሱን ንገሪኝ።"

እንደማይነፋ ሸዋረገጥ ታውቃለች። ነገር ግን የዚያን ቀን ሳሉ ደረታቸውን ሊሰነጥቀው ደርሶ ነበር።

"ይነፋልዎታል፣ ጋሽ ጎሳዬ። ተወስኗል" አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ወዲያው ጆንያቸውን አንስተው ተከተሏት። ሐጂ ሸኩር ከመጋዘኑ ብቅ ብለው "አልሐምዱሊላህ! ማሎ፣ እባክዎ አባባ፣ እንዳይመለሱ" እያሉ ሸኟቸው።

አሥራ ሁለት ቀን በደስታ ተቀመጡ። ድስቱን ይወለውላሉ፣ ከድንኳኑ ሥር ይተኛሉ፣ አዲሱን ነፊ ያማሉ፤ "እሱ እኮ የሚነፋው ሰው የሞተ ሳይሆን ላም የጠፋች ነው የሚመስለው" እያሉ ጓደኞቻቸውን ያስቃሉ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን እማማ ወርቅዬ እንደተኙ ቀሩ። ጋሽ ጎሳዬ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጥሩምባውን ለመስማት። ነጋ። ፀሐይ ወጣ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ቃሬዛ ይዘው መጡና አሮጊቷን አንስተው ሄዱ።

"ጋሽ ጎሳዬ፣ ደንቡ..." ብላ ጀመረች ሸዋረገጥ።

"ለቀባሪው አረዱት አሉ" አሏት። አልተቆጡም። ቢቆጧት በወደደች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ በጥሩምባ ነቃ። የቀድሞው ድምፅ ነበር፤ ረጅም፣ ሆድ የሚያባባ።

"አቶ ጎሳዬ ወልደሰማያት አርፈዋልና ቀብር ውጡ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!"

ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ድምፁን ተከትለው ቢሄዱ ሟቹ የሐጂ ሸኩር በረንዳ ላይ ጥሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንዱ ሳቀ፤ አንዷ አማተበች፤ የቀረው በንዴት ጦፈ። አቶ ገብረሥላሴ ጥሩምባውን ነጠቋቸው።

"ጃንሆይ ይሙቱ! በሞት ይቀለዳል?"

ጋሽ ጎሳዬ ዳኛውን አላዩም። የሚያዩት ሰውን ነበር፤ ጥጉን ሁሉ የሞላውን ሰው።

"አየሽ ሸዋዬ" አሉ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "ወጡልኝ።"

ሸዋረገጥ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ገባች።

በአምስተኛው ቀን እዚያው በረንዳ ላይ ሞቱ። ሸዋረገጥ ጭቃውን እየረገጠች ዳኛው ቤት ሮጠች። ጥሩምባው ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።

"ለአንድ ቀን ይነፋላቸው፣ አቶ ገብረሥላሴ። ለእናትዎ የነፉ ሰው ናቸው።"

"ለጎሳዬ እኮ ተነፍቷል፣ ወይዘሮ ሸዋረገጥ" አሉ ዳኛው። የቀልድ አልነበረም፤ አስበውበታል። "ሰፈሩም ወጥቶለታል። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይነፋም።"

ሬሳውን ያነሱት የሐጂ ሸኩር ጆንያ ተሸካሚዎች ናቸው። ሐጂው መጋዘናቸውን ዘግተው፣ ከፊት ሆነው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አደረሱ። ያን ማለዳ የወጡት ሴቶች በራቸውን ገርበብ አድርገው ያዩ ነበር።

"የእናንተ ሰዎች የታሉ?" አሏት ሐጂ ሸኩር።

"ጥሩምባ አልተነፋም።"

"እኛ ጋ ጥሩምባ የለም። ሞተ ከተባለ ሰው ይወጣል" አሉ፤ ለክፋት አላሉትም።

ከቀብር መልስ ዕቃ ቤቱ ገባች። አምስቱ አጥሚት ሲጠብቁ ነበር። ዓይነ ስውሩ ጋሽ ሽበሺ ኮቴዋን ሲሰሙ ቀና አሉ።

"ለጎሳዬ ተነፋለት?"

ሸዋረገጥ አንዴ ዋሽታ አይታዋለች። "አልተነፋም" አለች።

"ማን ወጣ ታዲያ?"

"ሐጂ ሸኩርና ሠራተኞቻቸው።"

ጋሽ ሽበሺ ዱላቸውን በዳበሳ አገኙና፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

"ዝናቡ ሳይበረታ" አሉ፣ "እስከ ሐጂው በረንዳ እጄን ያዢኝ፣ ልጄ።"