የሚዞረው መስኮት

ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ መስኮቱ መዞር አቆመ። እኔ ከጀርባ ባለው ክፍል የልጃችንን የዝማሬን ዩኒፎርም እየተኮስኩ ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም ባለው ሱቃችን ቀኑን ሙሉ ይሰማ የነበረው የመስኮቱ ድምፅ ነው፤ ክርር ብሎ ይዞራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ክርር ይላል። ሰው የራሱን ትንፋሽ እንደማይሰማ እኔም አልሰማውም ነበር። ዝም ሲል ነው የሰማሁት።

ስወጣ ባለቤቴ ማናሴ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ከመስኮቱ ብረት አስደግፏል። የሚሸጠው ዳቦ መስኮቱ ውስጥ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። ከውጭ የጎጎ እጅ ይታየኛል። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ጎረቤታችንን አሮጊቷን የምንጠራት እንደዚያ ነው። "ልጄ፣ ተኛህ እንዴ?" ትለዋለች። እውነትም የተኛ ይመስል ነበር። ሐኪሙ በኋላ ልቡ ነው አለን።

መስኮቱ ምን እንደሆነ ልናገር። እዚህ ሱቅ ያለው ሰው ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ነው የሚሸጠው። በፍርግርጉ ሻማና ሳሙና ያልፋል፤ ባለ ሁለት ሊትር ለስላሳና የዱቄት ከረጢት አያልፍም። ለእነሱ በር መክፈት ግድ ነው፤ በር በከፈትን ቁጥር ነፍሳችን በእጃችን ነበረች። ሁለት ጊዜ ዘራፊዎች ገብተውብናል። ከሁለተኛው በኋላ ማናሴ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከበሮ ተሸክሞ መጣ። ጎኑን አስቆርጦ እንዲሽከረከር በመኪና ኩሽኔታ ላይ አቆመው። ዕቃውን ከውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ ታዞረዋለህ፣ ዕቃው ውጭ ይደርሳል። አፉ ወደ ውጭ ሲዞር ጀርባው ወደ እኛ ነው። ለአፍታ እንኳ መንገድ አይሰጥም።

ሐሳቡ የመጣለት የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ዶክተር ሳንድተን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሆቴል ሲያገባ ነው። ሆቴሉ የሚዞር የመስታወት በር ነበረው። ሙሽሮቹ ገብተዋል፣ ማናሴ በሱፉ አራት ጊዜ ዞረ። ዘበኛው፣ "አባቴ፣ ጠፋህ ወይስ ታፈላልጋለህ?" ብሎ ሳቀበት። ማናሴ ዮቪል ከሚባል ሰፈር መንገድ ላይ የገዛው፣ ሽፋኑ የተቦጨቀ፣ ስለ ፈጠራ ሰዎች የሚናገር መጽሐፍ ነበረው። የእንግሊዝኛውን ቃል አንድ በአንድ እየፈታ ያነበዋል። ቤት ስንደርስ በሩን ከመጽሐፉ ፈልጎ አገኘው። "ያን በር የሠራው ቴዎፍሎስ ይባላል" አለኝ። "ስሙ ሉቃስ ወንጌሉን የጻፈለት ሰው ስም ነው፤ ዘመዳችን ሳይሆን አይቀርም።"

በመጽሐፉ ሰዎች መሐል የሚኖር ይመስለኝ ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን ከከተማ በታክሲ ስንመለስ የመኪናው የዝናብ መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ ሲል ፈዝዞ ያየዋል።

"የዝማሬ እናት፣ ያቺ የሜሪ እጅ ናት" አለኝ።

"የቷ ሜሪ ደግሞ?"

"አትቅኚ፤ ከሞተች ቆየች።"

ሜሪ አንደርሰን የምትባል አሜሪካዊት ናት። በፈረንጆቹ 1903 መጥረጊያውን ፈጠረች፤ ለኩባንያ ብታሳይ ገበያ የለውም ብለው መለሷት። የባለቤትነት መብቷ ጊዜው አለፈ። ከዚያ በኋላ መጥረጊያ የሌለው መኪና የለም።

"እና ምን አገኘች?" አልኩት።

"ይኸው፣ እኛ መንገዱ እየታየን ነው" አለ። ከፊታችን የሚመጣው መኪና ሁሉ በዝናቡ ውስጥ እጁን ያወዛውዝልን ነበር።

ከበሮውን የበየደለት ቮስሎሩስ በሚባለው ሰፈር ያለው የአገራችን ልጅ፣ በያጁ ዓብዩ ነው። ዓብዩ ከዚያ በኋላ ከላሜራ እየሠራ ለሌሎች ሱቆች ሸጠ። ሥራው የጠራ ነው፣ አልዋሽም። ሰዉ "የዓብዩ መስኮት" አለው። እኔ ተናደድኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ የወለድከውን ልጅ በሌላ አባት ታስጠራለህ?"

"ማናሴ ማለት ማስረሻ ነው፤ ስም ያወጣልኝን አባቴን ጠይቂ" ብሎ ሳቀ። "ይልቅ ስንት ሰው በር ከመክፈት እንደዳነ አስቢ።"

እሱ በሕይወት ሳለ ተውኩት። ሲሞት ግን አልቻልኩም። በእኛ ዘንድ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት፣ ወደ ሆሳዕና ከተማ ከመላኩ በፊት ሽኝት ይደረጋል፤ በሽኝቱ ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። በዚህ አገር ስለ እሱ የሚነበበው ያ ብቻ ነው። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ መጻፍ የለመድኩት መዝሙር ስገለብጥ ነው። ቢሆንም ራሴ ጻፍኩት። ከመሐሉ ስለ መስኮቱ አንዲት መስመር አስገባሁ።

ሐሙስ ዕለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ለማ ወረቀቱን አነበበ። አንብቦ ሲያበቃ ጣቱን መስመሯ ላይ አቆመ።

"እህቴ በለጥሽ፣ ይቺ ትቅር።"

"ለምን፣ ጋሽ ለማ?"

"ዓብዩ እዚያው ተቀምጦ? ሬሳ ፊት ሌባ ልንለው ነው?"

"ሌባ አላልኩም። ማናሴ ፈጠረው ነው ያልኩት።"

"ፈጣሪ አንድ ነው።"

"እንግዲያው ሠራው በሉ።"

"አንቺ ልጅ፣ እሱ ጌታ ጋ ሄዷል። እዚያ ሱቅ የለም፣ መስኮት የለም።"

"እዚህ ግን አለ፣ ጋሽዬ።"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። 

ዓርብ ጎህ ሲቀድ በልቅሶ ፍራሽ ላይ ሸለብ አደረገኝ። በሕልሜ ከቮስሎሩስ እስከ ኦሬንጅ ፋርም ያሉት ሱቆች ሁሉ መስኮታቸው አንድ ላይ ይዞራል፤ ሻጭ የለም፣ ገዢ የለም። ከእያንዳንዱ ዳቦ ይወጣል፤ ዳቦውን የያዘው እጅ የማናሴ ነው። አንዱን ልይዘው ስል ይዞርና ጀርባውን ይሰጠኛል። አልተከፋሁም። ተራው እንደሚደርሰው እንደሚያውቅ ሰው ቆሜ እጠብቃለሁ።

ስነቃ የጽሑፉ ረቂቅ በደብተሬ ላይ ነበር። በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ለዓብዩ ላክሁለት። ከሥሩ፣ "ውሸት ከሆነ ሰርዘው" ብዬ ጻፍኩ። ማየቱን ስልኩ አሳወቀኝ። 

ቅዳሜ በሽኝቱ ላይ ጋሽ ለማ አነበበ። ተወለደ፤ ጌታን ተቀበለ፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጣ፤ ሱቅ ከፍቶ በትጋት ሠራ። እዚህ ላይ ቀና ብሎ ወደ ኋላ አየና፣ "ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበር" አለ። ማክሰኞ የሰማሁት ዝምታ ጆሮዬን ሞላው።

"ጋሽ ለማ፣ አንድ መስመር ዘለሃል።"

ዓብዩ ነው። ከኋላ ቆሟል፣ ኮፍያውን ይዞ።

"ልጄ፣ ተቀመጥ።"

"እሷን ስታነብ እቀመጣለሁ።"

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ዋጠች። ጋሽ ለማ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ፈጠረው ያልኩትን ሠራው አድርጎ አነበበ፦ "በየሱቃችን የሚዞረውን መስኮት አስቦ መጀመሪያ የሠራው ወንድም ማናሴ ነው።"

ያቺው ናት፣ አጭር ናት። አማርኛ የማትሰማው ጎጎ ጎኔ ተቀምጣ፣ "ምን አለ?" አለችኝ። እጄን በአየር ላይ አዞርኩላት። "ኤሄ!" አለች፣ ጮክ ብላ፣ ቤቱ እስኪዞርላት።

ዓብዩ ሲሰናበተኝ ይቅርታ አላለም። "ያንቺ ኩሽኔታ አርጅቷል፤ መቀየር አለበት" ነው ያለኝ።

በመስከረም መጥቶ ቀየረው። አሁን ሲዞር ድምፅ የለውም። ሰዉ ዛሬም የዓብዩ መስኮት ነው የሚለው።